ስልኩ የተበላሸበት ረቡዕ

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ካርቶን ላይ የተጻፈ መፈክር ይዤ።

ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ሰሃን በማጥብበት ምግብ ቤት አንድ ሜክሲኳዊ አብሳይ አብሮን ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲገባ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከመኪና ማቆሚያው ላይ ወሰዱት። በሳምንቱ እኛ ባልደረቦቹ መሀል ከተማ ካለው የመንግሥት ሕንፃ ፊት ቆመን ጮኽን። እኔ እንኳ ብዙም አልጮኽኩም። እንግሊዝኛዬ ለመጮኽ አይበቃም። መፈክሩን ግን ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር። አሥራ አንድ ሆነን ተያዝን። ሌሎቹ በማግስቱ ተለቀቁ። የእኔ የጥገኝነት ጉዳይ ገና አላለቀም ነበርና ወደ ሌላ መኪና አስገቡኝ።

ያመጡኝ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለ መጋዘን የሚመስል ሕንፃ ነው። ክፍላችንን ፖድ ይሉታል። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ተደራራቢ የብረት አልጋዎች፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱ ወደ ስልሳ የሚሆኑ ወንዶች። የበረኪናና የኑድል ሽታ አለው። መብራቱ ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ግድግዳው ላይ ሦስት ስልክ ተሰቅሏል፤ አንዱ እጀታው ከተቆረጠ ቆይቷል።

ከአልጋዬ በታች አንድ ሽማግሌ ይተኛሉ። ጋሼ እላቸው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል። በወጣትነታቸው ተጣልተው ሰው መትተዋል፤ ዘጠኝ ወር ታስረው ጨርሰውታል። አሁን ያንን ቆፍረው አወጡባቸው። ሌሎች ሁለት የእኛ አካባቢ ሰዎችም ነበሩ። አንዱ ኤርትራዊ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከነጋ እስኪመሽ ይቀልዳል። ሌላው የአርሲ ሰው ነው፤ አምስት ጊዜ ይሰግዳል፤ ከዚያ በተረፈ ብዙ አይናገርም።

አሁን የምጽፈው ስለ አንድ ረቡዕና ስለ ማግስቱ ጠዋት ነው። ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ነው። በመሀል ያለውን ቀን እነሱ ሁሉ እያወቁ እኔ ብቻ ሳላውቅ ዋልኩ።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። በዲቪ መጥቶ ከአየር ማረፊያ ሰው እያመላለሰ ይኖር ነበር። እኔን ያስመጣኝ፣ ጠበቃ የያዘልኝ፣ ክፍሉን ያካፈለኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ ይመጣል። በመሀላችን መስታወት አለ፤ የምንነጋገረው በስልክ እጀታ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ተጣላን።

«ዳኛው ፊት ስትቀርብ ይቅርታ በል» አለኝ። «ጓደኞቼ ሲሄዱ ተከትዬ ነው በል። በቃ።»

«አልልም።»

«ሶ ምን ልትል ነው?»

«አውቄ ነው የወጣሁት እላለሁ።»

«እዚህ አገር አንተ ማን ነህና ነው? ወረቀትህ ሳያልቅ ሰልፍ!»

«አንተ ፈሪ ነህ» አልኩት። «እዚያም ፈሪ፣ እዚህም ፈሪ።»

እጀታውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አየኝ። ኮቱን አልቆለፈም ነበር። ከዚያ «ብላ እሺ፤ ከስተሃል» አለና ሰቀለው።

እሑድ መደወል እችል ነበር። ሰኞም እችል ነበር። ኮራሁ። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ኩራቱ አልፎልኝ ነበር። ቁርስ ስበላ የምለውን ቃል በልቤ አዘጋጀሁ። ረጅም አልነበረም። «የተናገርኩትን እርሳው» ልለው ነበር።

ስልኩ ጋ ስደርስ ሾፌሩ እጀታውን ይዞ ቆሟል።

«ዋእ! አትድከም» አለኝ። «ስልኩ ሞቷል እኮ።»

የሚቀልድ ሰው ነውና ቀጣዩን ጠበቅሁ። ምንም አልጨመረም። ዞሮ ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ሁለተኛውን የአርሲው ሰው ይዞታል። ያ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ያን ዕለት ጠዋት ግማሽ ሰዓት አወራ። ሲጨርስ ጋሼ ተቀበሉት። ጋሼ ደግሞ አንድ ሰዓት ያዙት። እኔ ኋላቸው ቆሜያለሁ።

«እሺ… እሺ… አዎ… እሺ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። ወንድሜን ኮል ላድርገው።»

«ወረፋ ያዝ ልጄ» አሉኝ ሳያዩኝ።

ጠጋ ስል ከእጀታው የሚወጣውን ሰማሁ። ጥ… ጥ… ጥ… የሚል ድምፅ ነው። ማንም አልነበረም። ሽማግሌው የተቋረጠ መስመር ላይ «እሺ» እያሉ ነበር።

እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ወጣሁ።

ምሳ ሰዓት ሦስቱም እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡ። ጋሼ ዶሯቸውን ሰሃኔ ላይ አደረጉት። የአርሲው ሰው ዳቦውን ሰጠኝ። ሾፌሩ ብርቱካኑን ልጦ አቀረበልኝ። እዚያ ቤት ብርቱካን ሰው ለሰው አይሰጥም፤ በኑድል ይለወጣል።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አልኩ። «ልደቴ ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ እንኳ አልሳቀም።

እኔ አገር ቤት ታስሬ አውቃለሁ። ጦርነቱ አለቀ በተባለ ማግስት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ለሦስት ሳምንት ዘግተውብኝ ነበር። እዚያ አጠገቤ የሚተኛ አንድ ሰው ነበር። ዳቦውን ያካፍለኛል፤ ብርድ ልብሱን ያለብሰኛል። የምናወራውን ሁሉ ለጠባቂዎቹ ያቀብል የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እስር ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት ደግ የሚሆን ሰው ያስፈራኛል።

ከምሳ በኋላ ጠባቂው አንድ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ቁጥር ሊጠራ አፉን ሲከፍት ጋሼ ተነሥተው ሮጡ ማለት ይቻላል። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ሲራመዱ አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ አቁመውት በሹክሹክታ አወሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጠባቂው ቀና ብሎ በቀጥታ እኔን አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ስልኩም፣ ዶሮውም፣ ብርቱካኑም። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ያወራሁትን፣ ስለ ሰልፉ አልጋ ላይ ሆኜ ያጫወትኳቸውን፣ ሁሉንም አቀብለዋል አልኩ።

ሲመለሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ስንት ይከፍሉሃል?» አልኩ።

አንተ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ሁላችንም ሰማነው። ዶሚኖ ይጫወቱ የነበሩት እንኳ ቋንቋው ሳይገባቸው ቀና አሉ።

«ልጄ…»

«ልጅህ አይደለሁም። ስንት ነው? ወይስ ይለቁሃል? ለመለቀቅ ነው የምትሸጠኝ?»

ሾፌሩ ብድግ አለ። «አንታ! አፍህን ሰብስብ! ማንን እንደምትናገር…»

«ተወው» አሉት ጋሼ። «ይናገር። ምንም አይደለም፤ ይናገር።»

«በሩ ላይ ምን አልከው?»

«ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«ነገ» አሉ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈሩ መሰለኝ። የተላጠውን ብርቱካን አንስቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ለእራት አልተነሣሁም። የአርሲው ሰው ትኩስ ኑድል በፕላስቲክ ስኒ ይዞ መጣ።

«አልፈልግም። እሱ ነው የላከህ።»

«አዎ፣ እሱ ነው» አለ፤ መዋሸት አይችልም። «ግን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ስለ እኔ ብላ።»

እሱ አልበደለኝም ብዬ በላሁ። እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ስኒውን ተቀብሎኝ፣ ውስጡን አይቶ ሄደ።

ንጋት ላይ መብራቱ ቦግ ይላል፤ ጠባቂው ይቆጥረናል፤ አልጋችን ጎን እንቆማለን። ሐሙስም ተቆጠርን። ቆጠራው እንዳለቀ ጋሼ፣ «ና ልጄ፣ ፊትህን ታጠብ» አሉኝ። ድምፃቸው ትናንት እንደሰደብኳቸው ሰው አልነበረም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሄጄ ታጠብኩ።

ስመለስ ሦስቱም አልጋዬ ጎን ቆመዋል። ጋሼ የአልጋቸውን አንሶላ ለብሰዋል። ነጠላ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው፣ በሁለቱ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጫፉን በእጃቸው ይዘው። ሾፌሩም እንደዚያው። የአርሲው ሰው ፎጣ ራሱ ላይ አድርጓል።

ቃል ሳይወጣቸው ቀድሜ ጠየቅሁ።

«ማን ነው?»

«ቁጭ በል።»

«ማን ነው ጋሼ? እናቴ ናት?»

«እናትህ ደህና ናት።»

በዚህ ዓለም ላይ ያሉኝ ሰዎች ሁለት ናቸው። እናቴ ደህና ከሆነች ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። እሳቸውም ያንን አወቁ መሰለኝ፣ አላቆዩኝም።

«ወንድምህን ሰው ገደለብን» አሉ።

ገደለብን ነው ያሉት። ወንድሜን አይተውት አያውቁም።

ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግሮሰሪ ፊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሊወርድ ሲል ነው። የመኪናውን ቁልፍ ሊቀማው የፈለገ ሰው ነበር። አንድ ጥይት። ሆስፒታል አልደረሰም። ጋሼ ይህን ሁሉ ቀስ ብለው፣ እጄን ይዘው፣ ምንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ከዚያ መጮኽ እንደምችል ነገሩኝ። «አልቅስ። እዚህ የሚያፍርብህ የለም።» ሾፌሩ ከኔ በፊት ጀመረ። ድምፁን ለቅቆ፣ በትግርኛ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ሰዎች ከየአልጋቸው ወርደው ቆመው ነበር። በኋላ ስረጋጋ የጋሼን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ። በብብቴ ይዘው አነሡኝ።

«ትናንት… ትናንት እርስዎን…»

«ተወው። እኔም ብሆን እላለሁ» አሉ። «ሽማግሌ ሰው ጥ ጥ ከሚል ስልክ ጋር አንድ ሰዓት ሲያወራ ካየሁ፣ ወይ እብድ ወይ ሰላይ ነው እላለሁ።»

ሾፌሩ እያለቀሰ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

የሆነውን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ረቡዕ ማለዳ ጋሼ ለባለቤታቸው ሲደውሉ ሰሙ። የወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በእሷ በኩል መልእክት ልከውላቸው ነበር። የእኛ ሰዎች መርዶ ሊያረዱ የሚመጡት በሌሊት ተነሥተው፣ ከሥራ በፊት፣ በአራት በአምስት መኪና ነው። እዚህ ግን የሚያስገባቸው የለም፤ የጠያቂ ቀን ቅዳሜ ነው። «በስልክ እንዳይሰማ። ብቻውን እንዳይሰማ። እርስዎ ይንገሩት» ብለው ላኩ። እሳቸው በሰሙ ሰዓት እኔ ነቅቼ ቁርስ እየበላሁ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። መርዶ ቀትር ላይ፣ ሰው በሚራወጥበት፣ ጠባቂ በሚጮኽበት አይነገርም አሉ። ማግስቱን መጠበቅ ነበረባቸው። እስከዚያ ስልክ እንዳልነካ፣ ሆዴም ባዶ እንዳይሆን።

ጠባቂው የያዘው ወረቀት የወንድሜ ሞት ማሳወቂያ ነበር። ደንቡ እኔን በቁጥር ጠርቶ፣ የጠባቂዎቹ መስኮት ጋ አቁሞ፣ አንብቦልኝ ማስፈረም ነው። ጋሼ በመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛቸው፣ «ፕሊስ፣ ቱሞሮው። ዊ ቴል ሂም» ብለውታል። እሱም እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ብሎ ኪሱ ከተተው። ይህን ያደረገው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ደግ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ቁጥሬን ጠራ። ጋሼ አብረውኝ ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ» አልኳቸው። ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። የወንድሜን ስም ለማንበብ ተንተባተበ። ያን ድምፅ ከዚህ ሰው አፍ መስማት አልፈለግሁም።

«አውቃለሁ» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ተነግሮኛል።»

ቆመ። ወረቀቱ ታች ላይ ያሳወቀው ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር ነበረ። እሱ የራሱን ስም ሊጽፍበት ብዕሩን አወጣ።

«ስጠኝ» አልኩት።

ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ብዕሩን በቀዳዳው አሳለፈልኝ። በመስመሩ ላይ በአማርኛ «ቤተሰቦቼ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

«ምን ይላል?»

«ፋሚሊ» አልኩት።

ኮምፒዩተሩን አየ። እዚያ ላይ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ዘመድ እንደሌለኝ ተጽፏል። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ አልጋዬ ተመለከተ። ሦስቱ አሁንም አንሶላና ፎጣቸውን አላወለቁም፤ ጋሼ ተነሥተው ቆመዋል።

«ኦኬ» አለና ወረቀቱን ወሰደ።

ለቀብሩ እንዲያወጡኝ ጠየቅሁ፤ አልተፈቀደም። ቅዳሜ ተቀበረ። እኔ ሦስት ቀን አልጋዬ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ፣ የምናደርገውን አይተው፣ ለትንሽ ጊዜ አብረውኝ ይቀመጡና ይሄዳሉ። አንድ ፑንጃቢ ሽማግሌ በየቀኑ ሻይ ያመጣልኝ ነበር። ለእናቴ አርብ ጠዋት ዘመዶች ቤቷ ገብተው ነገሯት። እስከዚያ ስልኩን የያዘው ሰው አልነበረም፤ መስመሩም ይሠራ ነበር። ሐሙስን ሙሉ ሳልደውል ዋልኩ። እሷም ብቻዋን እንዳትሰማ።

አሁን በዋስ ወጥቻለሁ። ጉዳዬ አላለቀም፤ ቀጠሮው ሦስት ጊዜ ተላልፏል። ወደ ሰሃን አጠባው ተመልሻለሁ። ምግብ አብሳዩን ግን ወደ አገሩ መልሰውታል። ጋሼንም መልሰዋቸዋል፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እህታቸው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። አንዳንዴ እንደዋወላለን። ብዙ የምንለው የለንም። በላህ ወይ ይሉኛል፤ በላሁ እላቸዋለሁ።

ወንድሜን የገደለው ተይዟል። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ያሉ ወዳጆቻችን ምን እንዲፈረድበት ትፈልጋለህ ይሉኛል። አቃቤ ሕጓም ደውላ ጠየቀችኝ። ደክሞኛል። እኔ በተኛሁበት ዓይነት አልጋ ላይ እንደሚተኛ፣ ንጋት ላይ መብራት ሲበራ ተነሥቶ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ይህን ማወቄ አላስደሰተኝም፤ አላሳዘነኝምም።

ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ገባሁ። የኋለኛው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። የሥራ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። እሱን በካቴና ሲያስገቡት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናቱ መሆኗን በዚያ አወቅሁ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ከጎኗ ባዶ ወንበር ነበር፤ ሌላም ብዙ ባዶ ወንበር ነበር። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ዳኛው እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይመጣብኛል። ልጅሽ ሰው ገደለ ብለው ለእሷ የነገሯት በስልክ ይሆናል። ሥራ ላይ ሆና፣ ቆማ።